የሆሊስ ዳክዬ

ስልኩ ሲጠራ አርዴል ለምስጋና በዓል የሚሆነውን ስኳር ድንች እየላጠች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አነሳችው። እህቷ ጁዌል ከምድጃው ፊቷን ሳታዞር ጆሮዋን ብቻ አቀናች።

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ዌልደን? ምነው በሹክሹክታ፣ ሌባ መሰልክ እኮ… እ… መደበቂያው ውስጥ ሆነህ ነው የምትደውለው? በአደን መክፈቻ ቀን? ሆሊስ ቢኖር ስልክህን ውሃ ውስጥ ነበር የሚወረውርልህ።

ዌልደን የሟች ባሏ የሆሊስ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምረው፣ ሩዙ ታጭዶ የአርካንሳስ ደን ውሃ ሲተኛበት፣ ማማለያ የሚሆን ሰው ሠራሽ ዳክዬ ውሃው ላይ አቁመው፣ አንድ መደበቂያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እውነተኞቹን ዳክዬዎች ይጠብቁ ነበር። ዘንድሮ ዌልደን ብቻውን ነው የወጣው።

— ቆይ፣ ጁዌል ሰላም እያለችህ ነው… ኧረ አልነግራትም። አንተው መጥተህ ፊት ለፊት ንገራት፣ ማንኪያውን ይዛ ቆማልሃለች… እሺ፣ አሁን አውራኝ። ወረዱልህ?… ገና ሳይነጋ?… እውነትህን ነው? አምና እኮ አንድ ላባ ሳታዩ ነው የተመለሳችሁት… ሰማዩ ጠቆረ? እሰይ… አይ፣ እያለቀስኩ አይደለም። ጉንፋን ይዞኝ ነው።

— ማማለያው ነው ያመጣቸው? የትኛው?… ከረጢት ውስጥ ያሉት ናቸዋ፣ ባለሞተሮቹ፣ ክንፋቸው እንደ ቬንትሌተር የሚዞረው። እነሱን ውሰድ አላልኩህም?… እነሱ አይደሉም?… ታዲያ… ከሆሊስ የሥራ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን?

ቢላዋው ድንቹ ላይ እንደተሰካ ቆመ።

— አንገቱ የተሰነጠቀውን… ራሱ አረንጓዴ የሆነውን። ዌልደን፣ እሱ እኮ ሞተር የለውም። ተቃጥሎበት ሆሊስ ራሱ ነቅሎ አውጥቶታል… አዲስ ገዝተህ ገጠምክለት… አይ፣ አልተቆጣሁም። መቼ ወሰድከው ብዬ ነው… ሐሙስ… እኔ ጥርስ ሐኪም ጋ ሳለሁ… ጁዌል ከፈተችልህ።

— ምንም አላልኩም ጁዌል። ቅቤውን እዪው፣ እንዳያርብሽ።

ሆሊስ በየካቲት ሲሞት፣ እንደ ኑዛዜው አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በነሐስ ዕቃ ተሰጣት። በዚያ አገር አዳኝ ሲሞት፣ ጓደኞቹ አመዱን ከጥይት እርሳስ ጋር እየቀላቀሉ ቀለህ ውስጥ ይሞሉና በመክፈቻው ጠዋት በውሃው ላይ ይተኩሱታል። ዌልደንም ባርኔጣውን አውልቆ ይህንኑ ለምኗት ነበር። ባሌን ተኩሳችሁ አትበትኑብኝም፣ እዚሁ ቤቱ ውስጥ ይቆያል ብላ መለሰችው። የነሐሱ ዕቃ ግን ባዳ ሆነባት። ሆሊስ ነክቶት አያውቅም። በመጨረሻው ዓመቱ ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ያንን አንገቱ የተሰነጠቀ ዳክዬ ነበር። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ አመዱን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ፣ ሞተሩ በወጣበት የዳክዬው ሆድ ውስጥ አስገብታ፣ ክዳኑን በብሎን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችም። ሳሎን መደርደሪያው ላይ ያለው የነሐስ ዕቃ ባዶ መሆኑን ጁዌል እንኳ አታውቅም፤ ዛሬ ጠዋትም አቧራውን ጠርጋለታለች።

— ሄሎ… አለሁ፣ አለሁ። ሞተሩን ስትገጥም ሆዱን ከፈትከው ማለት ነው… ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው ጀልባ ማውረጃው ጋ… ከፍተህስ ምን አገኘህ?

— አሸዋ አልከኝ።

— አዎ… አውቃለሁ፣ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ሆዱን አሸዋ ይሞሉታል… ሆሊስም ያደርግ ነበር፣ ልክ ነህ… ነጣ ያለ… አዎ፣ የወንዝ አሸዋ አይመስልም።

ወንበሩን በእግሯ ስባ ተቀመጠች። ቀጥሎ የጠየቀችው፣ ጨው የት አስቀመጥክ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው በተራ ድምፅ ነበር።

— አሸዋውን ምን አደረግከው?

— አልሰማሁህም። ሄሎ… ትሰማኛለህ? ቀስ ብለህ ድገምልኝ… ፒካፑ ጭቃ ያዘው… እ… ጎማው ባለበት ይሽከረከራል… ከኋላህ ሰልፉ ጡሩንባ ይነፋብሃል… እ… ጎማው ሥር በተንከው።

— ያዘልህ?… ወጣህ።

— ሰምቻለሁ። ሆሊስ ከሞተም በኋላ ከጭቃ ያወጣኛል አልክ… አዎ… ያስቃል።

ጁዌል ሳቅ መስሏት ከምድጃው በኩል ፈገግ አለች። አርዴልም መልሳ ፈገግ አለችላት፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

— ከረጢቱስ?… ትንሽ እንኳ ሳይቀርበት… አራገፍከው። ነፋስ ወሰደው… አይ፣ ላስቲክ ነው፣ ምን ያደርግልኛል። እንዲሁ ነው የጠየቅኩህ… እዚያ ማውረጃው ጋ አሁንም መኪና አለ?… መክፈቻ አይደል፣ እንዴት አይኖር… ሁሉም በዚያው በአንዱ ጭቃ ነው የሚገባ የሚወጣው… ዝናብ? እዚህ እኮ ፀሐይ ነው… ከነጋ ጀምሮ አላባራም?

የመኪናዋ ቁልፍ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አየችው። ማንኪያና ማሰሮ ይዛ በጎማዎቹ መሀል ተንበርክካ፣ የጎማ ሱሪ የለበሱት አዳኞች ከበዋት፣ ምን ጠፋብዎት እትዬ ሲሏት ታያት። ጭቃውን ከምኑ ትለየዋለች? የእሱን ለብቻ እንዴት አድርጋ ትዘግነዋለች? ዓይኗን ከቁልፉ አነሳች።

— ዌልደን፣ ስማኝ። ስለዚያ አሸዋ አንድ ነገር ልነግርህ… እ?… ቀጥል፣ አንተ ቅደም። የኔው ይደርሳል።

ዌልደን ሲያወራ፣ ጣቷ የድንቹን ልጣጭ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

— ይህን አልነገርከኝም እኮ… ጠመንጃህን ልትሸጥ?… ዛሬ ለመሰናበት ብቻ ነበር የወጣኸው… እ… አውቃለሁ፣ እሱ ከሞተ በኋላ እንደማትተኛ ሚስትህ ነግራኛለች… እ… እና ዛሬ ክንፎቹ ሲዞሩ አጠገብህ የተቀመጠ መሰለህ… ትከሻህን የነካህ መሰለህ… አውቃለሁ ወንድሜ። አውቃለሁ… እንግዲህ አሁን አንተ ነህ የምታለቅሰው። ጉንፋን ነው በል፣ እንደኔ።

— እኔ?… ምን ልልህ ነበር… ጠፋኝ። አይ፣ ስለ አሸዋ አልነበረም።

— አንድ ነገር ብቻ። ዳክዬውን ስትመልስልኝ አትጠበው… አዎ፣ ከነጭቃው። ሆዱንም አትክፈተው፣ ውስጡን አትጥረገው፣ እንዳለ አምጣልኝ… ሞተሩም ይቆይበት… ምክንያት የለኝም። የመበለት አመል ነው በለው… ተው፣ ይቅርታ ምን ያደርጋል፣ ምንም አላጠፋህም። ሰማኸኝ? ምንም አላጠፋህም።

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ያልተንቀጠቀጠው ብዙ ስለደከመችበት ነው።

— አሁን እየዞረ ነው?… ስልኩን አስጠጋልኝ እስቲ… እንደሚርስማ አውቃለሁ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ። ልስማው።

ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጥብቃ ያዘችው። መጀመሪያ የመጣው ዝናቡ ነው፣ ውሃው ላይ፣ መደበቂያው ጣሪያ ላይ። ከዝናቡ ሥር ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነበር፤ ክንፎቹ። ሆሊስ እየፈታ እየገጠመ፣ ብቻ አንዴ ይዙርልኝ እንጂ ሲል የኖረው ድምፅ። ዓይኗን ጨፈነች።

ክንፎቹ ቆሙ። መንጋው ሲቀርብ እንዳይደነግጥ በሪሞት እንደሚያቆሟቸው ታውቃለች፤ ያውቁበታል፣ ወንድማማቾቹ። ቀጥሎ ተኩስ ተሰማ፣ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። ከዚያ መስመሩ ባዶ ሆነ።

— ሄሎ… ዌልደን… ትሰማኛለህ?… ሄሎ…

ጁዌል ማንኪያዋን እንደያዘች ዞረች። ምን አለሽ፣ ደህና ነው ወይ አለቻት።

— ደህና ነው። ዳክዬ ወርዶለታል።

ስልኩን ቦታው መለሰችው። ቢላዋውን ከድንቹ ነቀለችና የቀረውን መላጥ ጀመረች።

— ዝናብ እየዘነበበት ነው፣ አለች።