የአቶ ኦይታ ግለ ሂስ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት በጋ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሲቀላ ገበያ ወጥቼ በኩልፎ ወንዝ ዳር ስመለስ አቶ ኦይታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እኔ ማርቆስ እባላለሁ፤ ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ የታሪክ መምህር ነበርኩ። በመምህርነቴም በሰው ክርክር መሀል ጥልቅ ማለት ደስ ይለኛል። አቶ ኦይታ የታወቁ የሙዝ ገበሬ ሲሆኑ የመስኖው የውሃ አባትም እርሳቸው ነበሩ፤ ማን መቼ ውሃ እንደሚደርሰው የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ግን ቀኝ እግራቸው አብጦ እያነከሱ አንድ ፍየል ይጎትታሉ። አብራቸው የእህታቸው ልጅ ሉሊት ነበረች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች፤ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህም በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩት አንዷ ናት።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጌጤ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው እንስራ አዝላ ከፊት ለፊታችን መጣች። አቶ ኦይታን ስታይ መንገዱን ትታ በቁጥቋጦው ውስጥ ዞራ አለፈች። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

«መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። «ከዚህች ልጅ ጋር መግባባት አቃተን። እኔ ጎሜ አለብኝ። ወግ ያፈረሰ ሰው መዘዙ ይከተለዋል፤ እኛ እሱን ጎሜ እንለዋለን። ይኸው እግሬ አበጠ፤ ላሜም ጨነገፈች። አሁን ፍየሉን ላሳርድ፣ ለሽማግሌዎችም ልናዘዝ እየሄድኩ ነው። ለሉሊት ሰዎች ደግሞ ጸልዩልኝ ብያለሁ። በሁለቱም በኩል ይዤዋለሁ።»

«አጎቴ፣ ተጸልዮልዎታል» አለች ሉሊት። «ውሃውስ?»

«የምን ውሃ ነው?» አልኩ።

ሉሊት ነገረችኝ። ከአውራጃ የመጡ ሹማምንት ማሳ ሊጎበኙ ነው በተባለ ጊዜ፣ አቶ ኦይታ የጌጤን የውሃ ተራ ወስደው በራሳቸው ሙዝ ላይ ለቀውታል። ማሳቸው አምሮ ታየ፤ እርሳቸውም ተመሰገኑ፤ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርነትም ታጩ። ተራው ግን አልተመለሰም። የጌጤ ሙዝም እየደረቀ ነው።

«ምርጫው ነገ ነው፤ ካድሬው ይመጣል» አሉ አቶ ኦይታ። «ዛሬ ብመልስ ሰው ለምን ይላል። ልመረጥና እመልሳለሁ። እንዲያውም ወንበሩን ካገኘሁ ለጸሎት ቤታችሁ ጥላ እሆናለሁ። ይህ ለእግዚአብሔር ሥራ አይጠቅምም መምህር?»

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ልክ መሰለኝ። «ወይዘሪት ሉሊት፣ ከክፉ ሰው እርሳቸው ቢቀመጡበት አይሻልም?» አልኳት።

«መምህር፣ የጌጤ ሙዝ ምርጫ አይጠብቅም። በዚህ ሳምንት ካልጠጣ ችግኙም ያልቃል» አለችና ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሃውን መልሰው እግርዎ ባይድንስ? ላሟም ደግማ ብትጨነግፍ? ያኔም መመለስዎ ደግ ነበር ይላሉ?»

«ካልዳንኩማ ምን ሊረባኝ?»

«እንግዲያው የሚፈልጉት መድኃኒት ነው እንጂ ንስሐ አይደለም። ንስሐ መመለስ ነው። የወሰዱትን ተሸክመው ወደ ባለቤቱ መመለስ። የአምላክን ስም ጠርተው ለራስዎ ከፍታ መሮጥ ግን ያው መሮጥ ነው።»

«ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?»

«እኔንጃ» አለች ሉሊት።

ደነገጥኩ። አስተማሪ ሆኖ እኔንጃ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ማን ልክ እንደሆነ ግራ ገባኝ፤ እዚያው ቆሜ ሳሰላስል ፍየሉ ከዘንቢሌ ጎመኔን እየመዘዘ ይበላ ነበር። አቶ ኦይታም ተቆጥተው ፍየላቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

በማግስቱ የነገሩን መጨረሻ ለማየት ስብሰባው ድረስ ሄድኩ። ካድሬው የአቶ ኦይታን ስም ሲጠራ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከመሬት እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ያዙና በዚያ ባበጠ እግራቸው ጌጤ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ የሚያልፍ የለም።

«ውሃሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሊቀመንበር ልሁን ብዬ ነው። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ተራሽ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

ካድሬው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«ጓዶች! እውነተኛ ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው! እንዲህ ያለ ንቁ ገበሬ ካልመራን ማን ይመራናል? የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

ጭብጨባው ቀለጠ፤ እጅም እንደ ጉድ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ሲያሳድዱት የነበረው ወንበር በዚያች ሰዓት በራሱ መጣላቸው። አቶ ኦይታ ግራ ተጋብተው አንዴ ሉሊትን፣ አንዴ እኔን አዩ። ሉሊት ፊቷን ወደ መሬት አደረገች። እኔም አዘንኩላቸው። ከንፈራቸውን በምላሳቸው ሲያርሱ አይቻለሁ።

«ጓድ፣ እጁ ይውረድ» አሉ በመጨረሻ። «የተናገርኩት ለእርሷ ነው። ወንበር ካገኘሁበት ይቅርታነቱ ይቀራል፤ ንግድ ይሆናል።»

«ይህ ትሕትና ነው ጓድ ኦይታ! ሥልጣን አይፈልጉም ማለት ነው?»

«ኧረ በጣም እፈልጋለሁ። የማልወስደውም ለዚህ ነው።»

ካድሬው ደግፌ የሚባል ሌላ ሰው አስመረጠ። አቶ ኦይታ ስብሰባው ሳይበተን አካፋቸውን ይዘው ወረዱ፤ የጌጤንም ቦይ በእጃቸው ከፈቱት።

ንስሐ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ አንባቢ፣ እግራቸው በማግስቱ ዳነ ብል ደስ ባለኝ ነበር። ግን አልዳነም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጌጤ ሙዝም አልተረፈም። እኔም ይህ ሲከነክነኝ ከርሞ፣ አንድ ቀን በዚያው መንገድ ላይ አቶ ኦይታን ሳገኛቸው አላስችል አለኝ።

«እግርዎስ?»

«እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ምን ተጠቀሙ?»

መልስ ሳይሰጡኝ ጌጤ እንስራዋን አዝላ ከፊት ለፊታችን መጣች። መንገዱን አልተወችም። አጠገባችን ስትደርስ ቆመች፤ እንስራዋን አውርዳ፣ «አባባ ኦይታ፣ እግርዎ እንዴት አደረ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አቶ ኦይታ መልሰውላት፣ እርሷም ሄደች። ከዚያ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ምን ነበር የጠየቁኝ መምህር?»