የሚበልት ሰው ድርሻ

ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ የያዘ አንድ ወጣት አስተማሪ ያዋራሉ።

«መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አናቶሚ ይባላል፣ አባባ። ቃሉ የግሪኮች ነው። ከፋፍሎ መቁረጥ ማለት ነው።»

«እኛ መበለት የምንለው ነዋ። በመንደራችን ከብት ሲታረድ ብልት ብልቱን እያወጣሁ የምበልተው እኔ ነኝ። አንተስ ምን በለትህ?»

«እንቁራሪት።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሰው አይደለም። ተማሪ ሳለን ከፋፍለን አየናት፤ ሥዕሏን ሣልንና ጣልናት።»

«ለማንም ሳይደርስ?»

«የሚበላ ነገር እኮ አይደለም፣ አባባ።»

«እሱስ ይሁን። እኛ ዘንድ ግን የሚበልት ሰው ድርሻውን የሚያነሳው ሁሉም ካነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱን የሥጋ መደብ ከሌላው አያሳንስም።»

«ጥሩ ሕግ ነው።»

«ለፋሲካ ስድስት ቤት ሆነን በሬ እናርዳለን። ናና ብልቱን አንተ አውጣልን። መጽሐፉንም ያዝ።»

«ባበላሸውስ?»

«ግድ የለም። የተበላሸው መደብ ያንተ ነው።»

እኔም የአውራጃውን ገበሬ ኑሮ በሃያ ገጽ ከፋፍዬ የተነተንሁበትን ሪፖርት ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁት።