በእድሳት አዳራሽ ውስጥ ስላለፉት ሁለት ደቂቃዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፡ ምስክሯ ስሟ በዚህ ቅጽ ላይ እንዳይጻፍ ስለጠየቀች በዕለቱ በያዘችው የተራ ቁጥር ባለ 62 ተብላለች
ዕድሜ፡ 34
ሥራ፡ ነርስ፣ ጊዜያዊ
አድራሻ፡ ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እህቷ ቤት
ቃሏን የሰጠችበት ጊዜ፡ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 8፡30፣ ጉዳዩ በደረሰ በሁለተኛው ቀን

ማክሰኞ ጠዋት በሙያ ፈቃድ እድሳት ቢሮ አዳራሽ ውስጥ ስለወደቁት ሰው የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በዕለቱ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ላይ ወደ ቢሮው የሄድኩት የነርስነት ፈቃዴን ለማሳደስ ነው። ፈቃዴ ካለፈበት ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የዘገየሁት ረስቼ አይደለም። በሆስፒታል የምሠራው በየሦስት ወሩ በሚታደስ ውል ነው። የቋሚዎቹን የእድሳት ክፍያ ሆስፒታሉ ይሸፍናል፤ የእኛን የጊዜያዊዎቹን አይሸፍንም። የመጨረሻው ውሌ ያለቀው ፈቃዴ ሊያልፍበት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አዲስ ውል ለመፈረም ስሄድ መጀመሪያ የታደሰ ፈቃድ አምጪ ይሉኛል። ለማሳደስ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ውሉ ሲፈረም ነው። በመጨረሻ እህቴ ለልጇ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችውን ከነመቀጫው እንድከፍልበት ሰጠችኝ። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብባልም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

61 ቁጥርን ይዘው አጠገቤ የተቀመጡት ሟች ነበሩ። በየሆስፒታሉ ስንዞር ስለተገናኘን አውቃቸዋለሁ። የማደንዘዣ ባለሙያ በመሆናቸው ሁላችንም ጋሽ ማደንዘዣ እንላቸዋለን። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንደ እኛው በጊዜያዊ ውል ይሠሩ ነበር። በዕለቱ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው። "ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስተኛ ኖሬ፣ ይኸው እኔን እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሰነበተ። እዚህ ወንበር ላይ ከመጣልኝ እንዳትነኪኝ። ተራዬ ሲደርስ ብቻ ቀስቅሺኝ" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ጥቂት ቆይተው ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። እንቅልፉ መጣላቸው ብዬ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ። ከመስኮት ሁለት በላይ የተሰቀለው ሰዓት 4፡12 ይል ነበር። ደረታቸው ከፍ ዝቅ አይልም። ይህን ለማየት ነርስ መሆን አያስፈልግም።

የቢሮው ዘበኛ ሮጦ መጣና "ኧረ ሐኪም ጥሩ!" አለ። በአዳራሹ ውስጥ አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ነርሱም፣ አዋላጁም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም። ማንም አልተነሳም። ፈቃዱ ያለፈበት ባለሙያ ታካሚ ነክቶ ቢገኝ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ማስታወቂያ በቀይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጠዋቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጠን ስናነበው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው "ፈቃዱ ያላለፈበት የለም?" ሲል ጠየቀ። አንዲት ጠና ያለች አዋላጅ "ፈቃድ ያለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" አለችው። ዘበኛው ዞር ዞር ብሎ አየንና "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?" አለ። በዚያን ጊዜ እኔ ሰዓቱን አይ ነበር። ምን ተሰማሽ ተብዬ ስጠየቅ ምንም ብያለሁ። እውነትም ምንም አልተሰማኝም፤ መርፌያቸውን የወጉኝ ይመስል ደንዝዤ ነበር።

4፡14 ላይ ድምፅ ማጉያው "ስልሳ አንድ፣ መስኮት ሁለት" ብሎ ጠራ። ተራዬ ሲደርስ ቀስቅሺኝ ብለውኝ ስለነበር ተነሳሁ። ተንበርክኬ ደረታቸውን መጫን ጀመርኩ። ማጉያው ሁለቴ ጠርቷቸው ሲያጣቸው "ስልሳ ሁለት" አለ። እሱ የእኔ ነው፤ አልሄድኩም። "ስልሳ ሦስት" ሲባል አንድ ልጅ እግር የላቦራቶሪ ባለሙያ በጎናችን አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደ። አልተቀየምኩትም። አዋላጇ ጫማዋን አውልቃ መጣችና እየተቀባበልን ስንጫን ቆየን። አምቡላንሱ የደረሰው 4፡41 ላይ ነው።

አብሬ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ሞታቸውን ከተናገረ በኋላ ልጃቸው መጥታ ሁለት እጄን ያዘች። "በሞቴ ንገሪኝ፣ አባቴ ሲወድቅ አጠገቡ ሰው አልነበረም?" አለችኝ። "ነበርን" አልኳት። "ወዲያው ደረሳችሁለት?" ስትለኝ ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ወጥቼ በዚያው ቀረሁ።

ቃሌን የሚቀበለው መርማሪ የቢሮው ኃላፊ የጻፉትን ደብዳቤ አንብቦልኛል። ደብዳቤው ለሟች ወዲያውኑ የባለሙያ እርዳታ ተደረገላቸው ይላል። መርማሪውም በመጀመሪያ እንደዚያው ጽፎት ነበር። አይደለም ስለው "እህቴ፣ ወዲያውኑ ካልሽ ሰው ልታድን ደፋ ቀና ያለች ትባያለሽ። ሁለት ደቂቃ ካልሽ ግን ያለ ፈቃድ መንካትሽ ሳያንስ ቁጭ ብለሽ አይተሻል ይሉሻል። እንጀራሽ ነው፣ አስቢበት" ብሎ መከረኝ። ለእኔ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። ከመዝገብ ቢሰርዙኝ ሌላ ሙያ የለኝም፤ የእህቴንም ገንዘብ የምመልስበት የለኝም። ይህን እያወቅሁ ሁለት ደቂቃ ተብሎ ይጻፍ ብያለሁ። ልጃቸው መዝገቡን አንብባ እንድታውቀው ነው። ዓይን ዓይኗን እያየሁ ልነግራት አልቻልኩም።

ቃሌ ሲነበብልኝ መጨረሻው ላይ "በገዛ ፈቃዴ" የሚል ሰማሁ። "የእኔ ፈቃድ እኮ አልፎበታል" አልኩት። መርማሪው "ለዚህኛው አያስከፍሉሽም፣ ፈርሚ" አለኝ። ከላይ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)

ስርዝ ድልዝ፡ "ወዲያውኑ" የሚለው ተሰርዞ "ከሁለት ደቂቃ በኋላ" ተብሏል። በእርማቱ ላይ ምስክሯ ፈርማለች።