ዝገት የማይወደው ማሽን

ከወሰን ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ቱታ የለበሰውን በያጅ ይጠይቁታል።

«በራፋችሁ ላይ ‹በአውቶማቲክ ማሽን እንበይዳለን› የሚል አይቻለሁ። እውነት ነው?»

«አዎ አባባ። ኃይሉን ራሱ ይመጥናል። ብረቱ ዝገት ካለው ደግሞ አልበይድም ብሎ ይጠፋል።»

«ጎበዝ ማሽን ነዋ!»

«እሱን ነው ጎበዝ የሚሉት? በመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት አንድ በር አላስጨረሰንም።»

«ዝገቱን አትፍቁትም እንዴ?»

«ስንፍቅ ውለን መቼ ልንበይድ? እኛ የለመድነው በዝገቱ ላይ በይደን በስቱኮ መድፈን ነው።»

«እና ማሽኑን ምን አደረጋችሁት?»

«አለቃችን ነቀሉትና በር ላይ አቆሙት፣ ደንበኛ እንዲያየው። የምንሠራው በአሮጌው ነው።»

«መብራት ይቆጥባል ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«በጣም እንጂ! ከተነቀለ ጀምሮ ምንም አልበላም።»

«ታዲያ ሰው አልሸሻችሁም?»

«ኧረ እሱን እያየ ይጎርፋል! ይሄን የተቀመጥንበትን ወንበር ራሱ ባለፈው ሳምንት የበየድነው እኛ ነን።»

እስከ መገናኛ ድረስ በሁለት እጄ የመስኮቱን ብረት ጨብጬ፣ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ እንዳልኩ ሄድኩ።