ነገ ቀበቶውን ማን ይፈታል?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ኩዎ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ይህን የመሸኛ ማዕድ ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የሎተስ ሥር ሾርባውን ያሠራው ታን መሆኑን ሰምቻለሁ። አጥንቱን አልሰሰተበትም፤ እጁ ይባረክ።

የሸለማችሁኝን ዋንጫ ግን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። "ከመኪናው አንድም ጊዜ መሪ ያልነጠቀች" ይላል። ራሱን የሚነዳ መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ ሲሳሳት መሪውን መንጠቅ ነበር እኮ ሥራችን። አየሁትና አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ድርጅቱ ለክብሬ ብሎ ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ቤቴ ድረስ ላከልኝ። የልጅ ልጄ ሩይሩይ ዘላ ገባች። እኔ ጎትቼ አወጣኋት። አለቀሰች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እዚህ ስንደርስ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ "እትዬ ዴንግ፣ ምነው? እርስዎ ያስተማሩትን መኪና እርስዎ ይፈሩታል?" አሉኝ። "አይ፣ ልጅቷን ሆዷን አሟት ነው" አልኩ። ሩይሩይ ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

እውነቱ ምንድን ነው? መኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አይናደድም፣ አያንቀላፋም፣ እየነዳ ስልክ አይነካካም፤ ከባሌ በብዙ ይሻላል። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እሱም ያውቀዋል።

ግን ብርዱ ሲገባ የከተማችን የዉሃን ሰው ሞተር ሳይክሉ ላይ ከፊት ብርድ ልብስ ያስራል። በዚያ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል፤ ያው አመላችን ነው። መኪናችን ታዲያ ያንን ብርድ ልብስ ሲያይ ከጀርባው ሰው መኖሩን አይለይም። ዝም ብሎ ይሄድበታል።

መሪ ብንነጥቅ የቡድናችን ነጥብ ይቀንሳል። ስለዚህ ምን አደረግን? ብርድ ልብሱን ከሩቅ ስናይ የወንበር ቀበቷችንን ፈታን። ሾፌር ቀበቶ ሲፈታ መኪናው ራሱ ይቆማል። "የቀበቶ ችግር" ተብሎ ይመዘገባል፤ የመኪናው ጥፋት አይባልም። ብልሃቱን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ።

ታን ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ "እትዬ፣ መሐንዲሶቹ ታዲያ በምን ያውቃሉ?" ብሎኝ ነበር። "አንተ ቀበቶህን ፍታ፤ የመሐንዲስ ሐሳብ ምን አስጨነቀህ?" ብዬ ሳቅኩበት። መሐንዲሶቹም አላወቁም። መኪናውም አልተማረም።

ነገ ጠዋት መኪኖቹ ሁሉ ያለ እኛ፣ የሾፌሩ ወንበር ባዶውን፣ ሰው ሊጭኑ ይወጣሉ። ብርዱም ገብቷል። ቀበቶውን ማን ይፈታል?

የራሴን ልጅ አወጣሁ፤ የሰው ልጅ ሲገባ ግን ሾርባ እየጠጣሁ ዝም ልል ነበር። ያሳፈረኝ ይኸው ነው።

ሥራ አስኪያጅ ኩዎ፣ እባክዎ የነገውን ያቆዩት። ቅጣት ካለ በኔ ይሁን፤ እነዚህ ልጆች እኔን ሰምተው ነው። እስቲ ቀበቶ የፈታ እጁን ያውጣ። እኔ አውጥቻለሁ።

ታን፣ አመሰግናለሁ። ሆንግሜይ፣ አንቺም... ኧረ ሁላችሁም ናችሁ እንዴ! ሥራ አስኪያጅ፣ ይዩን እንጂ። አዎ፣ ለመሐንዲሶቹ ይደውሉላቸው፤ እንጠብቃለን።

እህት ወንድሞቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ። ሥራችሁ ይባረክና፣ እኔንም አንድ ቀን ሩይሩይን መኪናችሁ ውስጥ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼላት፣ ልቤ ሳይደነግጥ ወደ ቤቴ ለመመለስ ያብቃኝ።