እግር አጣቢው ነርስና የጠራቸው መጽሔት

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የወረደ ጉም ላሊበላን በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ አቶ ከፋለ ከሰብሌ ጋር መንገድ ላይ ድንገት ተገናኙ። እሳቸው ጡረታ የተቃረቡ ነርስ ናቸው፤ እሷ ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ተምራ የተመለሰች ወጣት። ለገና በእግሩ የመጣን ምእመን እግር ማጠብ የአገሩ ወግ ነውና፣ ሲያጥቡ ያዩትን ቁስል ሁሉ አብረው አጥንተው ጽፈዋል። የቀረው ጽሑፉ የሚወጣበትን መጽሔት መምረጥ ነበር።

አቶ ከፋለ ግን መርጠው አድረዋል። አንድ የማያውቁት የውጭ መጽሔት «እጅግ የተከበሩ ዶክተር ከፋለ» ብሎ በኢሜይል ጠርቷቸው፣ ጽሑፉን በቀናት ውስጥ አወጣለሁ ብሏል። ዶክተር አለመሆናቸውን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ደስ ብሏቸዋል፣ ምን ይደረግ።

«ስም ጠርቶ ያከበረን ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ነውር ነው» አሉ።

ሰብሌ ያ መጽሔት ስለ ድልድይ ሥራም ስለ ዓሣ እርባታም ያገኘውን ሁሉ እንደሚያወጣ፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የሚመረምሩት ገምጋሚዎቹም እንደማይታወቁ በትህትና አስረዳቻቸው። መጽሔት ሲመረጥ ማን ያነበዋል፣ ማንስ ይመረምረዋል ተብሎ መጠየቅ አለበት አለቻቸው። እሳቸው ግን የፈሩት ምርመራውን ነበር። ጽሑፉ ቢመለስባቸው በስተርጅና ማፈር አልፈለጉም፤ ይህንንም ሳይደብቁ ነገሯት።

«ጋሼ፣ እግር ሲያጥቡ እንግዳው ውስጥ እግሩን ቢደብቅዎ ይተዉታል?»

«እንዴት እተወዋለሁ። ቁስሉ ያለው እዚያ አይደል?»

«ገምጋሚም እንደርስዎ ነው። ይኼ መጽሔት ግን እግራችንን ሳያይ ደኅና ናችሁ ብሎናል።»

አቶ ከፋለ ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከጉሙ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ። እስከ ዛሬ ያጠቧቸው እግሮች ሁሉ በዚያ ነጭ ጉም ውስጥ ቀስ ብለው ሲራመዱ የሚሰሙ መሰላቸው፤ ልባቸው ተነካ።

«እንግዲያው ከሚመረምረን ዘንድ እንላከው» አሉ።

ስለ ኅብረተሰብ ጤና ብቻ ለሚያወጣ፣ ማንም በነፃ ለሚያነበው መጽሔት ላኩት። ከወራት በኋላ ጽሑፉ ከገምጋሚዎቹ ጥያቄ ጋር ተመለሰ። አያመኝም ያሉትን ሁሉ ጤነኛ ብላችኋል፤ ለመሆኑ እግራቸው ሲነካ ይሰማቸዋል ወይ? ሁለቱ ግን ምእመናኑን ይህን አልጠየቁም ነበር። አቶ ከፋለ አፈሩ፤ ሆኖም በተከታዩ ገና እንደገና አጠኑ። ሕመም የሌለው ቁስል ከያዛቸው ብዙዎቹ እግራቸው የደነዘዘ፣ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሳያውቁ የኖሩ ሆነው ተገኙ። ጽሑፉ ታርሞ ወጣ። ዛሬ ምእመናኑ በሚያልፉባቸው በኮንና በሙጃ ከተሞች ያሉ ነርሶች በስልካቸው አንብበውት፣ መንገደኛውን ቁስሉ ሳይከፋ ያክማሉ። በጥድፊያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ሰዎች ጤነኛ ናችሁ ብሎ ይሸኛቸው ነበር።

ዘንድሮም አንድ አዛውንት ከአቶ ከፋለ ፊት ተቀምጠው የቆሰለ እግራቸውን ዘረጉ። ምንም አያመኝም አሉ። አቶ ከፋለ ውስጥ እግራቸውን በመዳፋቸው ያዙና፣

«አባቴ፣ እጄ ይሰማዎታል?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አዛውንቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያዩ ነበር።

«የምን እጅ?» አሉ።