ከጉጉቷ ጎጆ ያስገባሁት

ታናሽ እህቴን የገደላት ምን ነበር? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንኖር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የወይራ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ጉጉት ጫጩት ፈለፈለች። ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ክንፋቸው ሥር ደም የጠገቡ ቁንጫዎች ተጣብቀውባቸው ነበር። አዘንሁላቸውና በየቀኑ እየወጣሁ ለቀምሁላቸው። ከእህቴ ጋር የምንተኛው በአንድ ቁርበት ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንገቷ በንክሻ ተዥጎረጎረ፤ ትኩሳትም ጣላት። ጉጉቷ ደግሞ መጮኋን አላቋረጠችም።

“ይቺ ጉጉት ልጄን ለሞት እየጠራችብኝ ነው፤ ጎጆዋን ካገኘሁ አቃጥለዋለሁ” አለ አባቴ። “አንቺ እንደ ጦጣ ዛፍ ለዛፍ ነው የምትውይው፤ አላየሽም?”

“አላየሁም፣ አባዬ።”

እህቴ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጫጩቶቹንም ቁንጫው ጨረሳቸው።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ቁንጫ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። በሽታ የሚያስተላልፍ አለ ይላል፤ የእኛው ያስተላልፍ እንደሆነ የሚነግረኝ መጽሐፍ ግን አላገኘሁም። አባቴ ዛሬም “ያን ጎጆ ባገኘው ኖሮ ልጄ አትሞትም ነበር” እያለ ራሱን ይረግማል። ለፋሲካ ደሴ ስገባ፣ ጎጆውን የደበቅሁትም፣ ቁንጫውን በቀሚሴ ይዤ የገባሁትም እኔ መሆኔን ልነግረው ወስኛለሁ።